ስንት ባንዲራ አለን?

ከአንድ የላስታ ሠልጣኝ

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሁላችንም በየጠዋቱ ቀና ብለን የምናየውን፣ ዳሩ ግን ቆም ብለን የማንመረምረውን ነገር ነው። ይኸውም ሰንደቅ ዓላማችን ነው። «ስለ ባንዲራ ደግሞ የማያውቅ ማን አለ?» የሚል እንደሚኖር እገምታለሁ። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ እንደዚያው ነበርሁ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን በአንድ ጥያቄ አፌን አስያዘችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። የገና በዓል ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰንደቅ ዓላማ አስተማርሁ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ቀለማት በባለቀለም ጠመኔ ቀባሁ፤ መካከሉ ላይ ክቡንና ኮከቡን ሣልሁ፤ «የአገራችን ሰንደቅ ዓላማ እንግዲህ ይህ ነው» ብዬ ደመደምሁ። ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባየ ለገና ላሊበላ ሲወርድ የያዘው ባንዲራ ኮከብ የለውም።»

«እንግዲያው እሱ ትክክል አይደለም» አልኋት፤ ሳላስብ።

«ታዲያ የአባየ ባንዲራ የውሸት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔም የምለው ጠፍቶኝ «ጸጥ በሉና ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ» አልሁ። እጩ መምህር መልስ ሲያጣ የሚሸሸግባት ዋሻ ይህች እንደሆነች ሁላችንም እናውቃታለን።

ማታ ለልምምዱ ተቆጣጣሪ መምህሬ ነገርኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ጥፋትህ ታሪኩን ከመሐል መጀመርህ ነው። ቀለሙ መቼ መጣ? በመካከሉ ያለው ምልክት መቼ መጣ? ሕጉስ ምን ይላል? ሦስቱን ለያይተህ ካላጠናህ ልጅቱን ብቻ አይደለም፣ አባቷንም አሳፍረሃል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንብቤና ጠይቄ ያገኘሁትን ነው እነሆ ለእናንተ የማካፍለው።

ስሙ

«ሰንደቅ» ማለት ጨርቁ የሚሰቀልበት ዘንግ ሲሆን «ዓላማ» ማለት ደግሞ ምልክት ማለት ነው። ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማ ስንል በዘንግ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ምልክት ማለታችን ነው። በአፋችን የምናዘወትረው «ባንዲራ» ከአውሮፓ የመጣ ቃል ነው፤ ጣሊያኖች ለሰንደቅ ዓላማ ካላቸው ስያሜ ጋር አንድ ነው። በመሆኑም ልጆቻችን ባንዲራ ቢሉ ስሕተት የለበትም፤ ሁለቱንም ስም ማስተማር ይገባል።

ሦስቱ ቀለማት

በአገራችን ሦስቱ ቀለማት መጀመሪያ የታዩት ዛሬ እንደምናውቀው በአንድ ጨርቅ ተሰፍተው አልነበረም። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው በጠባብና ረጅም ጨርቅ ተሠርቶ፣ ሦስቱ አንዱ ካንዱ በላይ ይውለበለቡ ነበር። ከዓድዋ ድል (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም) በኋላ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም ሦስቱ ቀለማት በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተጋጠሙ። በመጀመሪያው ዘመን ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ሆኖ የታየበት ጊዜ አለ። ኋላ ግን አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመካከል፣ ቀይ ከታች ሆኖ ጸና።

ቀለማቱ ከየት ተወሰዱ ቢባል በእኛ አገር ሽማግሎች ዘንድ መልሱ አንድ ነው፤ «ከቀስተ ደመና» ይላሉ። በላስታ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ፈንጠቅ ስትል ከገደል ገደል የሚዘረጋውን ቀስተ ደመና «የማርያም መቀነት» እንለዋለን። እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት ነውና ቀለማቱም የቃል ኪዳን ቀለማት ናቸው የሚለው ትውፊት ከዚሁ የመጣ ነው። ቀለማቱን በሃይማኖት፣ በተስፋና በፍቅር የሚተረጉሙም ነበሩ። እነዚህ ትርጓሜዎች በአዋጅ የተጻፉ ሳይሆኑ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ናቸው። ሆኖም መምህር ትውፊትን ንቆ ማለፍ የለበትም። «ትውፊቱ እንዲህ ይላል፤ ሕጉ ደግሞ እንዲህ ይላል» ብሎ ለይቶ ማስተማር ነው የሚበጀው።

ባንዲራው ተከልክሎ የነበረበት ዘመን

የቀለማቱ ዋጋ ይበልጥ የታወቀው በጠፉ ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም ከማይጨው ጦርነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ በሚያዝያ ወር ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው ጸልየዋል። ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ለአምስት ዓመታት በየአደባባዩ የተሰቀለው የወራሪው ባንዲራ ሆነ፤ የኢትዮጵያን ቀለማት የያዙት በየዱሩ የነበሩት አርበኞች ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን መልሰው ሰቀሉ። አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ጠላት በገባበት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው። ልክ አምስት ዓመት!

እንግዲህ የዚያች ልጅ አባት ለገና ይዞት የወረደው ባንዲራ የዚህ ታሪክ ባንዲራ ነው። እኔ ግን በአንድ ቃል «ትክክል አይደለም» ብዬ ጣልሁት። ይህን ሳነብ ምን ያህል እንዳፈርሁ እናንተው ገምቱት።

በመካከሉ የተፈራረቁት ምልክቶች

ከቀለማቱ ይልቅ ብዙ የተለዋወጠው በመካከል ያለው ምልክት ነው። አንባብያን በቀላሉ እንዲይዙት በቅደም ተከተል እዘረዝረዋለሁ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ዘውድ የደፋና ባለ መስቀል ዘንግ የያዘ የይሁዳ አንበሳ ነበረበት። ሕዝቡ የሚይዘው ግን ምልክት የሌለበት፣ ዛሬ በተለምዶ «ልሙጥ» የምንለው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ልሙጡና ባለ ምልክቱ ጎን ለጎን መኖራቸው የዛሬ ነገር አይደለም።

በ1966 ዓ.ም አብዮት ፈንድቶ ንጉሣዊው ሥርዓት ሲወገድ የአንበሳው ዘውድ ተነሣ፤ በመስቀሉ ቦታም የጦር ጫፍ ገባ። ቆይቶም አንበሳው ራሱ ከባንዲራው ላይ ጠፋ። በ1980 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ሌላ አርማ ወጣ፤ እሱም በ1983 ዓ.ም ከሥርዓቱ ጋር አለፈ። ዛሬ የምናውቀው፣ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ባለ ጨረር ኮከብ ደግሞ በ1988 ዓ.ም ገባ።

ከዚህ ዝርዝር የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መንግሥታት በመካከሉ ላይ የየራሳቸውን ምልክት አኑረዋል፤ ሦስቱን ቀለማት ግን አንዱም አልነካቸውም። ዘውዱም፣ አብዮቱም፣ ፌዴሬሽኑም የተገናኙት በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ አርማ እንደሚኖረው፣ ሦስቱም ቀለማት እኩል ሆነው በአግድም እንደሚቀመጡ ይደነግጋል። የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና አርማ ሊኖራቸው እንደሚችልም በዚሁ አንቀጽ ተመልክቷል።

ዝርዝሩን ያወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ነው። በአዋጁ ትርጓሜ መሠረት አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት ምልክት ነው። ቢጫው ተስፋንና ፍትሕን ያመለክታል። ቀዩ ደግሞ ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈለውን መሥዋዕትነትና ጀግንነት ያሳያል። አርማውን በተመለከተ፣ ሰማያዊው ክብ ሰላምን፣ ቀጥ ያሉትና እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶችን እኩልነት፣ ከመስመሮቹ የተሠራው ኮከብ አንድነታቸውን፣ ቢጫው ጨረር ደግሞ ብሩህ ተስፋን እንዲገልጹ ተደርጓል። በየዓመቱ በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ይኸው አዋጅ ሰንደቅ ዓላማውን ያለ አርማው መጠቀምን ይከለክላል። በተግባር ግን ልሙጡ በገናና በጥምቀት፣ በዓድዋ በዓልም በብዙ ሰው እጅ ይታያል። አንዳንዱ «ሕግ ሕግ ነው» ይላል፤ ሌላው «እኔ የማውቀው የአባቶቼን ነው» ይላል። በዚህም የተነሣ ሰው ከሰው የተጋጨበት ጊዜ መኖሩን መደበቅ አይቻልም። ይህን ክርክር መቋጨት የአራተኛ ክፍል መምህር ሥራ አይደለም። ሥራችን ልጁ ሁለቱንም አይቶ ምንነታቸውን እንዲያውቅ፣ አንዱን በያዘው ሰው ላይም ጥላቻ እንዳያድርበት ማድረግ ነው።

ባንዲራ እንዴት ይነበባል?

በዚህ ረገድ የሌሎችን አገሮች ማየት ይጠቅማል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ናውሩ የምትባል እጅግ ትንሽ የደሴት አገር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ነፃ ወጣች። ባንዲራዋ ሰማያዊ ሲሆን በመካከሉ አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር በአግድም ያልፋል፤ ከመስመሩ በታች ነጭ ኮከብ ተቀምጧል። ሰማያዊው ውቅያኖሱ ነው፤ ቢጫው መስመር የምድር ወገብ ነው፤ ኮከቡ ደሴቲቱ ናት። ናውሩ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለምትገኝ ኮከቡም ከመስመሩ በታች ሆነ። የኮከቡ ጫፎች 12 መሆናቸው የ12ቱ ነገዶች ምልክት ነው። ባንዲራው ካርታ ነው ማለት ይቻላል! የጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ያገኛል?

እዚያው ውቅያኖስ ላይ ያለችው የፓፑዋ ኒው ጊኒ ባንዲራ ደግሞ ለእኛ ለእጩ መምህራን ሌላ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የጸደቀውን ያንን ባንዲራ የነደፈችው ሱዛን ካሪኬ የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ ናት። የአገሯን የገነት ወፍና በሌሊት ሰማይ የሚታዩትን የደቡብ መስቀል ከዋክብት አድርጋ ሣለችው። የአገር ምልክት ከተማሪ ደብተር ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ስለ ባንዲራ ሲጠይቀን «ዝም በል» ማለት አይገባም።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ የእኛ ቀለማት ተጓዥ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴን ከጥቁር ኮከብ ጋር ያዘች፤ የነደፈችውም ቴዎዶሲያ ኦኮ የተባለች ጋናዊት ናት። ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋልና ሌሎችም ተከተሉ። በቅኝ አገዛዝ ሥር ለነበሩት አፍሪካውያን በዓድዋ ድል ያደረገች አገር ቀለማት የነፃነት ቀለማት ሆነው ታዩአቸው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት እነዚህ ቀለማት በብዙ አገሮች ባንዲራ ተመልሰው ወደ አገራቸው መጡ ማለት ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለም የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። የደቡብ አሜሪካዋ ቦሊቪያ ባንዲራ ከላይ ወደ ታች ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው። ይህ ከእኛ የተወሰደ አይደለም፤ ቦሊቪያ ይህን የቀለማት ቅደም ተከተል የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። እንግዲህ ተረኛ ተማሪዎች በጥድፊያ ባንዲራውን ገልብጠው ቢሰቅሉት የሚውለበለበው የቦሊቪያ ቀለም ይሆናል! ይህን የነገርኋቸው ተማሪዎች ከዚያ ወዲህ ገመዱን ከመሳባቸው በፊት «አረንጓዴው ከላይ ነው?» እያሉ ይጠያየቃሉ።

ወደ ክፍል ስንመለስ

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ትምህርት እንደገና አስተማርሁ። ለምትመደቡ ጓደኞቼ ይጠቅም እንደሆነ አሠራሩን ልግለጽ።

አንደኛ፣ ከሰሌዳው በፊት ወደ ደጅ አወጣኋቸው። «አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከአገራችሁ ፈልጉልኝ» አልኋቸው። ጥር ስለነበር ሜዳው ደርቋል፤ ቢሆንም አረንጓዴውን ከምንጩ ዳር ካለው ሣር አገኙት። ቢጫውን «በመስከረም አደይ አበባ ነበር፣ አሁን ግን ገለባው ነው» አሉ። ቀዩን ፍለጋ አልደከሙም፤ የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ዓለት የአገራቸው ድንጋይ ነው። ይህ የቀለማቱ ሕጋዊ ትርጉም እንዳልሆነ ነግሬአቸዋለሁ፤ ግን ቀለሙን በዓይናቸው ያዩት ልጆች ትርጉሙን ቶሎ ያዙት።

ሁለተኛ፣ ልኩን በሒሳብ ሠራን። የሰንደቅ ዓላማው ርዝመት የወርዱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 60 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቀለምም 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ኮከቡን ለመሣል ክቡን በአምስት እኩል መክፈል ነው፤ 360 ዲግሪ ለአምስት ሲካፈል 72 ይሆናል። ነጥቦቹን አንድ እየዘለሉ በማስመሪያ ማገናኘት ነው። በዚህ ዘዴ የግብረ ገቡና የሒሳቡ ትምህርት በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱን አሳየኋቸው። ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መሬት አይነካም፤ ሰው ባለበት ይቆማል። ለሐዘን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሲታዘዝ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣና ከዚያ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የነተበና የደበዘዘ ባንዲራ አይሰቀልም። ይህን ስናገር ቀና ብለው የራሳቸውን ባንዲራ አዩት፤ ፀሐይና ንፋስ በልተውት ቀዩ ወደ ሮዝ ተለውጧል። እኔም አየሁት፤ ዝም ተባባልን። በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ አመለከትሁ። በቅርቡ አዲስ ይመጣል ብለውኛል።

አራተኛና ዋናው፣ የባንዲራውን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። ሦስቱ ጨርቆች፣ አንዱ ጨርቅ፣ ባለ አንበሳው፣ ልሙጡ፣ ባለ ኮከቡ። በመጨረሻም ወደዚያች ልጅ ዞር ብዬ በክፍሉ ፊት እንዲህ አልኋት፤ «ባለፈው የመለስሁልሽ መልስ ልክ አልነበረም። የአባትሽ ባንዲራ የውሸት አይደለም። ቀለሙ አያቶቻችን የተዋጉለት ነው። አገሪቱ ዛሬ በሕግ የያዘችው፣ ትምህርት ቤታችንም የሚሰቅለው ደግሞ ባለ ኮከቡን ነው። ሁለቱንም እወቂ።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና እጇን አወጣች። እኔም ደንገጥ አልሁ።

«ቲቸር፣ የአንበሳውን ዘውድ ማን ወሰደበት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን በዚህ ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር፤ ጸጥ በሉና ገልብጡም አላልሁ።

ማጠቃለያ

ጓደኞቼ፣ ጥቂት ወራት ቆይተን በየገጠሩ እንበተናለን። ብዙዎቻችን በምንመደብበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ልጆችን አሰልፎ ባንዲራ የሚያሰቅለው፣ የልጆቹንም ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ ሰው አይኖርም፤ እኛው ነን። ልጅ ከቤቱ ያመጣውን ነገር በአንድ ቃል ብንሰብረው፣ ወይ እኛን ወይ አባቱን መናቅ ይጀምራል። ሁለቱም ክፉ ነው። ስለዚህ የማናውቀውን «ነገ አጥንቼ እመልሳለሁ» ብለን፣ በነገውም ቃላችንን እንጠብቅ።

ይህን በተመለከተ የምትጨምሩት ወይም የምታርሙኝ ካላችሁ ጽፋችሁ በጋዜጣችን ሣጥን ውስጥ ብትጥሉልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ከሌላ አውራጃ የመጣችሁ ሠልጣኞች፣ በእናንተ አገር ስለ ሦስቱ ቀለማት ሽማግሎች ምን እንደሚሉ ብትጽፉ ለሚቀጥለው እትም ጥሩ ርእስ ይሆናል እላለሁ።